ቅዳሜ ጠዋት ልጆችን ተረት ለማሰማት የት እንውሰድ? ቤተ መጻሕፍት ወይስ ጣና ዳር?

ሁለቱም ነጻ ናቸው። ባሕር ዳር ለምንኖር ወላጆች ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጅ ይዞ መውጣት ስንት እንደሚያስወጣ እናውቀዋለን።

የቤተ መጻሕፍት የተረት ፕሮግራም ደስ የሚለኝ መጽሐፉ እጃቸው ላይ ስለሚገባ ነው። ባለፈው የ6 ዓመቷ ልጄ ጣቷን በምራቋ እያራሰች ገጽ ስትገልጥ፣ አጠገቧ የተቀመጠ የማታውቀው ልጅ ፊደሉን እየጠቆመ «ይሄ እኮ ጸሎቱ ጸ ነው» ሲላት ሰማሁ። አሁን ጓደኛሞች ናቸው። ችግሩ ዝምታው ነው። 30 ደቂቃ ካለፈ ትንንሾቹ ይቁነጠነጣሉ፣ ለፈተና የሚያጠኑት ደግሞ ይረበሻሉ፤ በማንም አይፈረድም።

ጣና ዳር ዛፍ ሥር ግን «ተረት ተረት» ሲባሉ «የላም በረት!» ብለው እንደልባቸው ይጮኻሉ። ታንኳ ካለፈ ተረቱ ይቆምና ጥያቄው ይዘንባል። ለምን አይሰምጥም? ታንኳው የተሠራበት ደንገል የሚባለው የውኃ ዳር ተክል ውስጡ እንደ ስፖንጅ ሆኖ አየር ስለያዘ ነዋ! ታንኳው ውኃ ሲጠጣ ደግሞ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ይህን ከመጽሐፍ ቢያነቡት እንዲህ አይገባቸውም።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ስለማያስቀምጥ ክርክር የለም፣ ቤተ መጻሕፍት ነው። በበጋ ገና ማንበብ ያልጀመረ ልጅ ካላችሁ ሐይቁ ዳር ውሰዱት፤ ውኃው ቅርብ ስለሆነ ግን ዓይናችሁን እንዳትነቅሉ። ማንበብ የጀመረውን ቤተ መጻሕፍት አስገቡት። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በወር አንዴ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ይዞ ሐይቁ ዳር ቢወጣ ደስታዬ ነው። ካርቶኑን ለመሸከም እኔ አለሁ።