መድኃኒቱም ሥራውም እንዳይቀር ለሚደክሙት ፋርማሲስት ምስጋና

ከሠራተኞች ጤና ክፍላችን ወደ አእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል የምንልካቸው ሰዎች ብዙዎቹ አንድ ጥያቄ ይዘው ነው የሚሄዱት፦ መድኃኒቱን ልተው ወይስ ሥራውን? እዚያ ያሉት ክሊኒካል ፋርማሲስት ግን «የሚውጡት በስንት ሰዓት ነው? ሥራ የሚገቡትስ?» ብለው ይጀምራሉ። ስማቸው እንዲጻፍ አይፈልጉም። አሠራራቸው ግን የትም ቦታ ሊጠየቅ የሚገባው ስለሆነ ምስጋናችንን ከነዝርዝሩ እናቀርባለን።

መነሻቸው የአንድ ሳምንት ሰንጠረዥ ነው። አራት ዓምድ ብቻ አለው፦ መድኃኒቱ የተዋጠበት ሰዓት፣ እንቅልፍ የወሰደበት ሰዓት፣ ድብታው ወይም መንቀጥቀጡ የበረታበት ሰዓት፣ በዚያን ጊዜ እጅ ላይ የነበረው ሥራ። ቁም ነገሩ ያለው አራተኛው ላይ ነው። ድብታ ወረቀት ለሚያገላብጥ ሰው ማዛጋት ነው፤ መሰላል ላይ ለወጣ ወይም መቁረጫ ማሽን ለያዘ ሰው አደጋ ነው። ሰንጠረዡን ባዶ ይዞ የመጣውን «ሞልተው ይምጡ» ብለው ይመልሱታል። በዚህ የተቀየሟቸው አሉ፤ እኛ ግን ልክ ናቸው እንላለን።

ለምሳሌ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጠውን ኦላንዛፒንን እንውሰድ። ከተዋጠ 6 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው በደም ውስጥ ጣሪያ የሚደርሰው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ውጦ የሚተኛ ሰው መድኃኒቱ የሚበረታበት ሊነጋ ሲል ስለሆነ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሥራ ሲገባ ገና አልነቃም። መዋጫው ወደ ምሽቱ 2 ሰዓት ቢመጣ ኃይሉ የሚያርፈው እኩለ ሌሊት አለፍ ሲል፣ እንቅልፍ ላይ ነው። መድኃኒቱ ከሰውነት ለመውጣት ቀናት ስለሚፈጅበት ድብታው ጨርሶ አይጠፋም፤ ይህንንም አይደብቁም። ሰዓቱ ተቀይሮ ሁለት ሳምንት ካለፈና ጠዋቱ ካልተሻሻለ ጉዳዩ የዶዝ (የመድኃኒቱ መጠን) ነው ይሉና ለሐኪሙ ይጽፋሉ። ዶዝ ራሳቸው አይነኩም፤ በሽተኛውም እንዳይነካ አጥብቀው ይናገራሉ። ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን የኩዊታፒን (የዚሁ ዓይነት ሌላ መድኃኒት) ክኒን «ቶሎ ይሥራልኝ» ብሎ የሚሰብር ወይም የሚያደቅ ሰው ካጋጠማቸው ደግሞ ይቆጣሉ፤ ለሌሊቱ በሙሉ የታሰበው መጠን በአንዴ ነው የሚለቀቀው።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግናቸው ግን አካቲዥያ ስለሚባለው፣ መቀመጥ ስለሚከለክለው ችግር ነው። የሚመጣው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በተጀመረ ወይም ዶዙ በጨመረ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ነው። ሠራተኛው ስብሰባ ላይ እግሩን ያወዛውዛል፣ ተነስቶ ይንጎራደዳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፣ እንደገና ይነሳል። አለቃ ንቀት ይለዋል፤ ቤተሰብ «ሕመሙ ተነሳበት» ይላል። የከፋው ሐኪሙም ሕመሙ ነው ብሎ ዶዙን ሲጨምር ነው፤ ያን ጊዜ ይብስበታል። እሳቸው ሰውየውን ቢያንስ ሁለት ደቂቃ አስቀምጠው፣ ሁለት ደቂቃ አቁመው እግሩን ያያሉ። ከዚያ «ያላስቀመጠዎት ሐሳብ ነው ወይስ እግርዎ ራሱ አልቀመጥ አለ?» ይላሉ። እግሬ ነው ካለ መፍትሔው ዶዝ መቀነስ፣ መድኃኒት መቀየር፣ ወይም ፕሮፕራኖሎል (የልብ ምትን የሚያረጋጋ መድኃኒት) መጨመር ሊሆን ይችላል። አስም ላለበት ፕሮፕራኖሎል አይሰጥም፤ ይህን ሳይጠይቁ አያልፉም። እስኪሻለው ቆሞና እየተዘዋወረ የሚሠራው ሥራ እንዲሰጠው እኛን ያሳስባሉ። አካቲዥያ የያዘው ሰው የመሞት ሐሳብ ከመጣበት ደግሞ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት።

የስሜት መዋዠቅን የሚያረጋጋው ሊቲየም ላይም እንዲሁ ጥንቁቅ ናቸው። ስስ የእጅ መንቀጥቀጥ የተለመደ ነው፤ ብሎን ሲያስገቡ ወይም ሲጽፉ ይታያል። ቡና ያባብሰዋል። ሆኖም በቀን አምስት ስኒ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ቢተወው ኩላሊት ሊቲየሙን የሚያስወጣበት ፍጥነት ይቀንስና በደም ውስጥ ያለው መጠን ይጨምራል፤ ስለዚህ ቀስ በቀስ ነው የሚያስቀንሱት። የሊቲየሙ መጠን እንዳይጨምር ሙቀት ላይ ለሚሠራ ሰው ውኃ በእጁ እንዲኖር፣ ጨውም በድንገት እንዳይተው ይነግሩታል። በዚሁ ምክንያት ለወገብ ሕመም ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ እንዳይወስድ፣ በቦታው ፓራሲታሞል እንዲጠይቅ ካርዱ ላይ ይጽፉለታል። ከባድ ዕቃ በሚነሳበት ቦታ ይቺ መስመር ብዙ ሰው ታድናለች።

የደም ምርመራውም ነገር አለው። የሊቲየም መጠን የሚለካው የመጨረሻው ዶዝ ከተወሰደ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት የዋጠ ሰው ደሙን የሚሰጠው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ የጠዋት ዶዝ ካለው ደሙ ከተቀዳ በኋላ ይወስደዋል። «ከፈረቃዬ በፊት ልጨርስ» ብሎ ማልዶ የሄደ ሰው ውጤቱ ከፍ ብሎ ይታይና ዶዙ ያለ አግባብ ሊቀነስበት ይችላል። እኛ አሁን ለዚህ ቀን የሁለት ሰዓት ፈቃድ የምንሰጠው እሳቸው ስላስረዱን ነው።

አሚትሪፕቲሊን (የድብርት መድኃኒት) ወይም ትራይሄክሲፌኒዲል (መድኃኒቶቹ የሚያመጡትን የሰውነት መገተር የሚያስታግስ) የሚወስድ ሰው ቅርብ ያለ ጽሑፍ ሊደበዝዝበት ይችላል። መነጽር ለማሠራት ከመሮጡ በፊት መድኃኒቱ ይታይለት። የአፍ መድረቅ በውኃና ስኳር በሌለው ማስቲካ ይገፋል። ክሎዛፒን (ሌሎች መድኃኒቶች ላልሠሩለት ሰው የሚሰጥ) ላይ ያለ የሆድ ድርቀት ግን በትዕግሥት አይታለፍም፤ አንጀት እስከመዝጋት ይደርሳል። ክሎዛፒንን ከ48 ሰዓት በላይ ያቋረጠ ሰው በነበረበት ዶዝ አይመለስም፤ እንደገና ከትንሹ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ለመስክ ሥራ የሚወጣ ሰው ክኒኑን በሻንጣ ሳይሆን በኪሱ ይያዝ። ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን ላይ ሆኖ ሲጋራ ሊያቆም ያሰበ ሰውም አስቀድሞ ይንገራቸው። መድኃኒቱን ከሰውነት በፍጥነት የሚያስወጣው ጭሱ ስለሆነ ጭሱ ሲቀር መጠኑ ይከማቻል፤ የኒኮቲን ፕላስተር ይህን አይተካም።

ለአሠሪ የሚጻፈውን ደብዳቤ ከሐኪሙ ጋር ሆነው ያዘጋጃሉ። የሕመሙም የመድኃኒቱም ስም የለበትም። «ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ተሽከርካሪ አይንዳ፣ ከፍታ ላይ አይውጣ፤ ሌላውን ሥራ ይሠራል፤ ከ4 ሳምንት በኋላ እንደገና ይታያል» የሚል ነው። የሚከለከለውና የሚያበቃበት ጊዜ ተለይቶ ስለተጻፈ የክፍል ኃላፊው ለመተግበር አይቸገርም። «ቀለል ያለ ሥራ ይሰጠው» የሚለው የተለመደ ማስታወሻ ግን ማንንም አይረዳም፤ ሰውየውን ጥግ አስቀምጦ ከመርሳት በቀር።

እንዲህ ያለ ፋርማሲስት ወይም የሳይካትሪ ነርስ በምትታከሙበት ቦታ ካለ ጠይቁ። ስትሄዱ የክኒኖቹን ማሸጊያ ሁሉ፣ ያለ ማዘዣ የተገዛውን ማስታገሻና የባህል መድኃኒቱን ጭምር፣ የፈረቃ ፕሮግራማችሁንና የተሞላውን ሰንጠረዥ ይዛችሁ ሂዱ። ወረፋው ረዥም ነው፣ ታገሱ። ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ግን አሉ፦ አንገት ከተጠማዘዘ፣ ዓይን ወደ ላይ ተሰቅሎ ከቀረ ወይም መንጋጋ ከተቆለፈ፤ ከፍተኛ ትኩሳት ከሰውነት መገተርና ከመቃዠት ጋር ከመጣ፤ ሊቲየም የሚወስድ ሰው ማስመለስና ተቅማጥ ይዞት አካሄዱ ከተንገዳገደ ወይም አነጋገሩ ከተጎተተ። ከእነዚህ አንዱ የታየበት ሰው ክኒኖቹን ይዞ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፤ ብቻውንም አትልኩት።