ዋርካውን ያልቆረጡት ትምህርት ቤት

ግንበኛ ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ድንጋይ ጠርቤአለሁ፤ ብሎኬት ደርድሬአለሁ። ልጄን ጣና ዳር ካለው ትምህርት ቤት ላስመዘግብ ስሄድም መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። አሁን ሦስተኛ ክፍል ደርሳለች። የታዘብኩትን ልንገራችሁ።

ግቢው መሃል ትልቅ ዋርካ አለ። ሌላ ቦታ ቢሆን መሠረት ሳይወጣ በፊት የሚቆረጠው እሱ ነበር፤ እንዲህ ሲቆረጥ ስንቱን አይቻለሁ። እዚህ ግን ክፍሎቹ ዛፉን ከበው ነው የተሠሩት። የዋርካ ሥር ሩቅ ስለሚሄድ መሠረቱን ከግንዱ ብዙ አርቀውታል። ሥሩ ላይ ሲሚንቶ አላፈሰሱም። ዙሪያውን ጥቁር ድንጋይ ደርድረውለታል። ልጆቹ ጠዋት የሚያነቡት እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው።

ክፍሎቹ መስኮታቸው በሰሜንና በደቡብ ነው። የምሥራቁና የምዕራቡ ግድግዳ ድፍን ነው፤ የጠዋትም የማታም ፀሐይ አይገባም። የባሕር ዳርን የሚያዝያ ሙቀት የሚያውቅ ይገባዋል። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ላይ ገብቼ ቆምኩ። የሐይቁ ነፋስ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ይወጣል። ፋን የለም፤ አያስፈልግምም።

በጣም የወደድኩት ግን ደንገሉን ነው፤ ታንኳ የሚሠራበትን የሐይቅ ዳር ረጅም ሣር። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ባዮስፌር፣ ማለትም ተፈጥሮው የሚጠበቅለት አካባቢ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ሆኖም ዳሩ ላይ የሚገነባ ሰው ዛሬም መጀመሪያ የሚመነጥረው ደንገሉን ነው። እነዚህ ትተውታል። ከግቢው የሚወርደው ጎርፍ በደንገሉ አልፎ፣ አፈሩን እዚያ አስቀርቶ ነው ሐይቁ የሚገባው። ልጆቹም ከመምህራቸው ጋር እስከ ዳሩ ይወርዳሉ። ልጄ አንድ ቀን እምቦጭ ይዛ መጣች። ያበጠውን የቅጠሉን ዘንግ በቢላዋ ሰንጥቃ አሳየችኝ፤ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው። «አባዬ፣ የሚንሳፈፈው አየር ስላለው ነው» አለችኝ። እዚሁ ተወልጄ አድጌ፣ ከፍቼ አይቼው አላውቅም ነበር።

የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ወርዶ ሮቶ ውስጥ ይጠራቀማል። ልጆቹ አፉ በተቆረጠ ሃይላንድ ዝናብ ይለካሉ። 1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 1 ሊትር ነው። ባለ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ሲወርድ 2,000 ሊትር ይሆናል፤ ልጄ አስልታ ነገረችኝ።

ቅሬታም አለኝ። መስከረም ላይ የአንዱ ሮቶ ክዳን ተከፍቶ የትንኝ እጭ ሞልቶበት አገኘሁ። ወባ ባለበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስነግራቸው በማግስቱ ክዳኑን ገጠሙ፤ መግቢያውንም በወንፊት ሽቦ ሸፈኑት። ሁለተኛው ገና አልተፈታም። ኋላ የተጨመሩት ሁለት ክፍሎች ባዶ ቆርቆሮ ናቸው፤ ኮርኒስ የላቸውም። ሐምሌ ላይ ለማጠናከሪያ ትምህርት ገብተው ዶፍ ሲወርድ መምህሩ አፉን ሲያንቀሳቅስ እንጂ ድምፁ አይሰማም። ለርዕሰ መምህሯ ነግሬአቸዋለሁ። ከእጅ ዋጋ ነፃ ልሠራላቸውም ቃል ገብቻለሁ፤ እንጨቱን እየጠበቅኩ ነው። ታናሹን ለመስከረም እዚሁ አስመዝግቤዋለሁ።