ለጠባሴው መካኒክ ምስጋና፣ ዝቅ ያለች መኪና ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ የምትኖሩ፣ በተለይ ከመሬት ብዙም ከፍ የማትል ትንሽ መኪና ያላችሁ ሰዎች ይህን እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ። ጠባሴ አካባቢ የሚሠሩ አንድ መካኒክ አሉ። ጋሼ ብዬ የምጠራቸው እኚህ ሰው ቤቴ ድረስ መጥተው የመኪናዬን የሞተር ዘይትና ፊልትሮ (የዘይት ማጣሪያ) ቀየሩልኝ። ዘይት መቀየር ምን ያስመሰግናል የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ጀምሮ ይህን ሥራ እንዲህ ባለ ጥንቃቄ ሲሠራ አላየሁም። ስለዚህ ምስጋናዬን በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ያደረጉትን ያላየ ሰው ለምን እንደማመሰግናቸው አይገባውምና።

መኪናዬ ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 ናት። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፣ ጣሪያዋ ይታጠፋል፣ የፊት መብራቶቿ ሲበሩ ከኮፈኑ ውስጥ ብቅ ይላሉ። የዚህ ሞዴል የመጀመሪያው ትውልድ ለሕዝብ የታየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ነው፤ የእኔዋም ከዚያው ትውልድ፣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ናት። ታላቅ ወንድሜ ከውጭ አገር ጠቅልሎ ሲመለስ ይዟት መጣና በኋላ ለእኔ ሰጠኝ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ ይህችን በሌላ እተካለሁ ብዬ አላስብም። ያለችኝን በደንብ መያዝ ነው ያለብኝ፤ ደግሞም እወዳታለሁ።

ችግሩ ዝቅ ማለቷ ነው። የጋራዥ ጉድጓድ የሚቆፈረው ሚኒባስና ፒክአፕ ታስቦ ነው፤ የእኔዋ ገና ወደ ጉድጓዱ ስትጠጋ የፊት ከንፈሯ መግቢያው ላይ ይፋጫል። ባለፈው ክረምት አንድ ጋራዥ ወስጃት ነበር። ፊልትሮዋ አይደረስበትም ብለው አሮጌውን እንዳለ ትተው ዘይቱን ብቻ ለወጡ፤ የሞሉትም 20 ደብልዩ 50 የተባለውን ወፍራም ዘይት ነው። ኅዳር ገብቶ አመዳዩ ሜዳውን ማንጣት ሲጀምር ጠዋት ጠዋት ሞተሯ ስትነሳ ከላይ በኩል ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ታሰማ ጀመር። እስክትሞቅ ድረስ አይጠፋም። ሰዎችን ሳማክር አንዱ ሞተሩ ይውረድ ይለኛል፣ ሌላው ቫልቮቹ አልቀዋል ይለኛል። ልቤ ቆሰለ።

ለጋሼ የደወልኩት የሥራ ባልደረባዬ ጠቁማኝ ነው። ድምፁን ስነግራቸው ፍርድ አልሰጡም። ጥያቄ ነው የጀመሩት፦ ድምፁ የሚሰማው ጠዋት ብቻ ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ? ውስጥ ያለው ዘይት ቁጥሩ ስንት ነው? በየትኛው መንገድ ነው የምትነጂው? የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ አለሽ? በየሳምንቱ መጨረሻ ቤተሰቤን ለመጠየቅ ሸዋ ሮቢት እንደምወርድ ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ ይቺ መኪና ጠዋት አመዳይ ላይ ትነሳለች፤ ከሰዓት በኋላ ቆላ ውስጥ ናት። ዘይቷ ሁለቱንም መቻል አለበት» አሉኝ።

ነገሩ እውነት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። መንገዱ ወደ ጣርማበር ሲወጣ 3,000 ሜትርን ያልፋል፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይታጠፍና ቁልቁል እየተጠማዘዘ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል። ቁልቁለቱን ፍሬን ላለማቃጠል በከባድ ማርሽ ስለምንወርደው ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ይሽከረከራል። ጋሼ መጽሐፉን ሲከፍቱ የዘይቱ ዓይነት በአየሩ ሙቀት የተመደበበትን ሰንጠረዥ አውጥተው በጣታቸው እየተከተሉ አስረዱኝ። ከደብልዩ በፊት ያለው ቁጥር ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ዘይቱ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል፤ ከኋላ ያለው ደግሞ ከጋለ በኋላ ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው። የዚህች ሞተር የቫልቭ መግፊያዎች በዘይት ግፊት የሚሠሩ ናቸው፤ በውርጭ ጠዋት ወፍራም ዘይት ቶሎ አይደርስላቸውም፤ ዘይቱ እስኪደርስ ይንኳኳሉ። 10 ደብልዩ 30 እንድገዛ ነገሩኝ። አክለውም ራሴ ገዝቼ ደረሰኙን እንድይዝ፣ የጣሳው ክዳን ማሸጊያ ያልተነካ መሆኑን እንዳይ አስጠነቀቁኝ። ዘይት ራሳቸው አምጥተው ትርፍ ቢይዙበት ማንም አይወቅሳቸውም ነበር።

ፊልትሮውን ፍለጋ እንዳልንከራተት ደግሞ አንድ ነገር አወቅሁ፤ ይህን ለሌሎች ባለቤቶችም ልንገር። ሞተሯ ከማዝዳ 323 ሞተር ጋር አንድ ዘር ስለሆነ የዘይት ፊልትሮውም ለ323 የሚሸጠው ይስማማታል። ለስፖርት መኪና ተብሎ በልዩ ዋጋ የሚታዘዝ ነገር አያስፈልግም።

የመጡት ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ አንድ ልጅ አስከትለዋል። ግቢያችን በኮብልስቶን የተነጠፈ፣ ትንሽ ወጣ ገባ የሚል ነው። ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት መሬቱን በእግራቸው እየረገጡ መመርመር ነበር። የተሻለውን ቦታ መርጠው መኪናዋን ካቆምን በኋላ የእጅ ፍሬኗን ሳቡ፣ የኋላ ጎማዎቿን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙ፣ ከፊት በኩል ሞተሩን በሚሸከመው ወፍራም ብረት ሥር ክሪኩን አስገብተው ቀስ ብለው አነሷት። ከዚያ በሁለቱም ጎን የመደገፊያ ብረቶች አቆሙ፤ ድንጋዩ ላይ እንዳይንሸራተቱ ከሥራቸው ወፍራም ሳንቃ አነጠፉ። ልጁ ገና ይህ ሳያልቅ ጭንቅላቱን ወደ ሥር ሊያስገባ ሲል ክንዱን ያዙትና «ክሪክ ማንሳት እንጂ መሸከም አያውቅም» አሉት። መኪናዋን በእጃቸው ገፋ ገፋ አድርገው አለመወዛወዟን እስኪያረጋግጡ ድረስ ማንንም አላስጠጉም። ቤት ውስጥ ራሳችሁ ለመሥራት የምታስቡ ሰዎች ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን እንዳትረሱ እለምናችኋለሁ።

መኪናዋን በክሪክ ከማንሳታቸው በፊት ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነስተው አሙቀውት ነበር፤ ሞቅ ያለ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። የማፍሰሻውን ቡሎን በ19 ቁልፍ ሲፈቱ ከሚገባው በላይ ተጠብቆ እንደነበር አሳዩኝ። ከሥሩ ያለችው ሮንዴላ (ዘይት እንዳያንጠባጥብ የምትከላከል ስስ ቀለበት) ተጨፍልቃ ቀጥናለች። የቡሎኑ ጥርስ ግን ደህና ነበር፤ አጥበው፣ በጨርቅ ጠርገው በብርሃን እያገላበጡ አዩት። ዘይቱ ጠብታው እስኪያቆም ድረስ ጠበቁ። እኔ ቡና እንዲጠጡ ብለምናቸውም አቦሉ የተነሳው ያ ጠብታ ካበቃ በኋላ ነው።

ፊልትሮው ላይ ስንደርስ ነው ዓይኔ የተከፈተው። አይደረስበትም የተባለው ፊልትሮ ከሞተሩ በስተቀኝ፣ አየር ከሚገባባቸው ቱቦዎች ሥር ተደብቆ ተቀምጧል። ከላይ እጅ አይገባም። ጋሼ ቀኝ የፊት ጎማውን ፈቱና በዚያ በኩል እጃቸውን ሰደዱ፤ ከሥር ደግሞ ልጁ መብራት ያዘ። አሮጌው ፊልትሮ ወጣ። አዲሱን ከማስገባታቸው በፊት ግን ወደ እኔ ዞረው የአሮጌውን ፊልትሮ አፍ አሳዩኝ፤ የጎማ ቀለበቱ አብሮ መውጣቱን እንዳይ ነው። አንዳንድ ጊዜ አሮጌው ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ አዲሱ በላዩ ይታሰራል፣ ሁለት ቀለበት ተደራርቦ ግፊቱን ስለማይችል ዘይቱ በመንገድ ላይ ይረጫል። ጣርማበር ቁልቁለት ላይ ይህ ቢደርስ ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልግም። መቀመጫውን በንጹሕ ጨርቅ ጠረጉ፣ የአዲሱን ቀለበት በጣታቸው አዲስ ዘይት ቀቡት፣ ቀለበቱ መቀመጫውን ከነካ በኋላ ፊልትሮውን በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ያህል ብቻ በእጃቸው አጠበቁት። ቁልፍ አልነኩም።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረጉ። አሮጌውን ፊልትሮ በቆርቆሮ መቀስ ቀደዱት። በመጋዝ ለምን እንደማይቆርጡት ስጠይቃቸው የመጋዙ ብናኝ ከሞተሩ የወጣ ብረት ስለሚመስል ያሳስታል አሉኝ። በውስጡ ያለውን የተጣጠፈ ወረቀት እንደ መጽሐፍ ገለጥ ገለጥ አድርገው ፀሐይ ላይ አዩት። ጥቁር ዝቃጭ አለው፤ የሚያብለጨልጭ ብረት ግን የለም። ሞተሩ ይውረድ ስባል ለከረምኩት ለእኔ ያቺ ሰዓት ምን ያህል እንደሆነች ልገልጽላችሁ አልችልም። «ሞተርሽ ጤነኛ ነው፤ የሚጎዳው ውፍረቱ የማይመቸው ዘይትና የታፈነ ፊልትሮ ነበር» አሉኝ።

ማፍሰሻው በአዲስ ሮንዴላ ተዘጋ። ዘይቱን ሲሞሉ ባለ አራት ሊትሩን ጣሳ አልደፉትም፤ ይህች ሞተር ከነፊልትሮው ሦስት ሊትር ተኩል አካባቢ ነው የምትይዘው። ሦስቱን ከጨመሩ በኋላ በመለኪያው ዘንግ እያዩ ጥቂት በጥቂት ጨመሩ። ሞተሩ ሲነሳ የዘይት መብራቱ ወዲያው መጥፋቱን እኔ እንድከታተል አዘዙኝ፤ እሳቸው በሆዳቸው ተኝተው ፊልትሮውንና ማፍሰሻውን ይመለከታሉ። ከዚያ አጥፍተው፣ መኪናዋን ወደ መሬት አውርደው፣ ዘይቱ እስኪወርድ ጠብቀው እንደገና ለኩ። የቀኝ ጎማውን ቡሎኖች በመስቀል አቅጣጫ አጥብቀው አንድ በአንድ ደገሟቸው። በማግስቱ ጠዋት፣ በዚያው ብርድ፣ ሞተሯን ሳስነሳት ድምፁ ትንሽ ብቻ ተሰምቶ ጠፋ። አሁን ደግሞ ጭራሹን የለም።

የተቃጠለውን ዘይት ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በየሰፈሩ ወደ ቦይ ሲደፋ እናያለን፤ ቦዩ ደግሞ የሚሄደው ወደ በሬሳ ወንዝ ነው፣ ከብቶች የሚጠጡት፣ ሰዎች ልብስ የሚያጥቡበት ውኃ። ጋሼ ዘይቱን ከሳህኑ ወደ ጀሪካን ገልብጠው፣ ጠብታ የነካውን ድንጋይ በአመድ አስጠርገው፣ ጀሪካኑን ይዘው ሄዱ። እየሰበሰቡ የአጥር እንጨት ምስጥ እንዳይበላባቸው ለሚቀቡ ሰዎች ይሰጡታል። ልጁም ያለ ጓንት እንዲነካው አይፈቅዱለትም።

ቀጣዩን መቼ እንደምቀይር ስጠይቃቸው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ አሉኝ። ከተማ ውስጥ አጫጭር መንገድ ብቻ ስነዳ በብርዱ ሞተሩ በደንብ ሳይግል ስለሚጠፋ እርጥበትና ነዳጅ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይቀየር ብለዋል። ቀኑንና የኪሎ ሜትር ንባቡን በወረቀት ጽፈው ኮፈኑ ሥር ለጠፉልኝ።

ዋጋቸውን ሥራው ሳይጀመር ነው የነገሩኝ፤ ሲያልቅም ያንኑ ተቀበሉ። ልጨምርልዎት ብላቸው እንቢ አሉ፤ ለልጁ ስሰጥ ግን ዝም አሉኝ። ለልጁ እያንዳንዱን ነገር ምክንያቱን እየነገሩ ነው የሚያሠሩት፤ ይህም ከሥራው እኩል ደስ አሰኝቶኛል። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ።

ለምትፈልጓቸው ሰዎች ጥቂት ልናገር። ቸኩላችሁ ከሆነ እሳቸውን አትጥሩ፤ በዝግታ ነው የሚሠሩት፣ ግማሽ ቀን ያዙላቸው። እሑድና በበዓላት ቀን አይሠሩም። የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ አይነኩም፣ የሚያውቅ ሰው ይጠቁማሉ። ከመምጣታቸው በፊት የመኪናችሁን መመሪያ መጽሐፍና የመጨረሻው ዘይት የተቀየረበትን ኪሎ ሜትር አዘጋጁ፣ ጠንካራና ደልዳላ ቦታ ምረጡ። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እዚህ አልጻፍኩትም፤ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝን አስቀድሜ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ከጫጫና ከደብረ ሲና የምትደውሉ ካላችሁ፣ መንገዱን አስልተው ስለሚመጡ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ንገሩኝ።