እናቴና ባለ ጋሪው

ቅዳሜ ማታ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ቤታችን ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ «ሴምቤን!» የሚለውን ዘጋቢ ፊልም ከፈትኩ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ሳምባ ጋጂጎና ጄሰን ሲልቨርማን ናቸው የሠሩት። እናቴ ቡና እያፈላች «ደግሞ ምን አመጣህ?» አለችኝ።

ስለ ሴኔጋላዊው ደራሲና ፊልም ሠሪ ኡስማን ሴምቤን ነው አልኳት። በ1923 የተወለደ የአሣ አጥማጅ ልጅ። እዚህ ላይ ቀና አለች፣ አያቴ ጣና ላይ በታንኳ አሣ ያወጣ ነበርና።

ሴምቤን ፈረንሳይ ውስጥ ማርሴይ ወደብ ላይ ዕቃ ተሸክሟል፣ ከዚያ በፈረንሳይኛ ልብ ወለድ ጻፈ፣ ግን የአገሩ ሰው አብዛኛው ማንበብ ስለማይችል መጽሐፉ ማን ጋ ይደርሳል? 40 ዓመት ሊሞላው ሲል ሞስኮ ሄዶ ሲኒማ ተማረ። በ1963 «ቦሮም ሳሬት»ን ሠራ። 20 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አንድ የዳካር ባለ ጋሪ ሰው ጭኖ ጋሪ ወደተከለከለበት የሀብታም ሰፈር ይገባል፣ ፖሊስ ጋሪውን ይወስድበታል፣ ባዶ እጁን ወደ ሚስቱ ይመለሳል። ይህን ስነግራት እናቴ ስኒውን እንደያዘች ቀረች። «ውይ! ምን ይዞ ሊገባ ነው?»

ዘጋቢ ፊልሙ ላይ በጣም የያዘኝ ጋጂጎ የሴምቤንን ቤት ሲከፍትና የፊልም ጥቅሎቹ በዛገ ቆርቆሮ ውስጥ ተጥለው ሲያገኛቸው ነው። ለሐይቅ ዳር ሰው ይሄ ይገባዋል፤ የእኛም የሠርግ አልበም በእርጥበት ተጣብቆ አንዱ ፎቶ ከሌላው አልላቀቅ ብሏል።

«ቼዶ» የተባለው የ1977 ፊልሙማ አገሩ ውስጥ ታገደ። የተሰጠው ሰበብ? ርዕሱ በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ዲ» የምትባለው ፊደል ሁለቴ መጻፏ! እኛ በሀሌታው ሀና በሐመሩ ሐ ስንጨቃጨቅ ቢያንስ ፊልም አላገድንም።

ቅሬታዬ ቋንቋው ነው። ሴምቤን በ1968 «ማንዳቢ»ን በወሎፍ የሠራው ያልተማረው ሰው እንዲሰማው ነው። የእሱን ታሪክ የሚተርከው ፊልም ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው የሚያወራው፣ ስለዚህ በየሁለት ደቂቃው እያቆምኩ መተርጎም ነበረብኝ፣ ቡናውም ቀዘቀዘ፣ እኔም ግማሹን ዘለልኩት። ለራሱ ለሰውየው ግን አያዳላም። ግትርነቱን አልሸፈነም፣ ደስ ያለኝም እሱ ነው።

ለብቻችሁ ከሆነ እዩት። ከእናታችሁ ጋር ከሆነ መጀመሪያ «ቦሮም ሳሬት»ን ክፈቱ፣ ብዙ ትርጉም አይፈልግም። መብራት ሄዶ ሳንጨርሰው ተኛን፤ ጠዋት እናቴ «ያ ሰውዬ ጋሪውን መለሱለት?» አለችኝ።

«አልመለሱለትም።»