የኬንታኪው የኖኅ መርከብ፦ ለአናጢዎቹ አምስት ኮከብ፣ ለክርክሩ ሁለት

እንጨት ሥራ የምትወዱ ከሆነ ሂዱ። አትከራከሩኝ፣ ዝም ብላችሁ ሂዱ። ከሲንሲናቲ በአይ-75 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ 40 ደቂቃ ያህል ነድታችሁ ዊልያምስታውን የምትባል ትንሽ ከተማ ጋ ስትወጡ የኖኅ መርከብ ሜዳ ላይ ተገትሮ ታገኙታላችሁ። ስሙ አርክ ኢንካውንተር ነው። ኮሎምበስ ኦሃዮ ላለን ሐበሾች ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ልጆች ጭኖ ደርሶ ለመመለስ ይመቻል። መኪና ታች ይቆማል፣ ለማቆሚያው ለብቻ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ አውቶቡስ ወደ ላይ ይወስዳችኋል። ቲኬቱ ለአዋቂ 60 ዶላር አካባቢ ነው። ይወደዳል፣ አዎ።

መጀመሪያ ስለ ሥራው። ዘፍጥረት 6፥15 ላይ ያለውን 300፣ 50 እና 30 ክንድ ወስደው አንዱን ክንድ ወደ 52 ሳንቲሜትር አድርገው አሰሉት። የወጣው 155 ሜትር ርዝመት፣ 26 ሜትር ወርድ፣ ከ15 ሜትር በላይ ቁመት ነው። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቶ በ2016 በሰባተኛው ወር በሰባተኛው ቀን ተከፈተ። ዘፍጥረት 7፥7 ኖኅ ወደ መርከቡ የገባበት ቁጥር ስለሆነ ነው ቀኑን የመረጡት። ግንባታው ላይ የአሚሽ አናጢዎች (አሚሽ የሚባሉት እንደ ጥንቱ የሚኖሩ የአሜሪካ ክርስቲያኖች ናቸው) ነበሩበት፣ ያስታውቃል። ውስጥ ገብታችሁ ቀና ስትሉ ሰው አቅፎ የማይጨርሰው ግንድ ከግንድ ጋር ተገጣጥሞ ታያላችሁ፣ እኔ እዚያ መገጣጠሚያ ሥር ቆሜ ልጆቹ ጥለውኝ ሄደዋል። በሌላ በኩል ደግሞ መርከብ አይደለም። የቆመው ኮንክሪት ላይ ነው፣ ከኋላው ደረጃና ሊፍት የያዙ ማማዎች ተለጥፈውበታል። ማንም ይንሳፈፋል አላለም፣ እኔም አልጠበቅሁም።

ሦስት ፎቅ አለው። የታችኛው ፎቅ ጨለም ያለ ነው፣ የእንስሳት ቀፎና ሣጥን ተደርድሮበታል፣ ድምፃቸውም በድምፅ ማጉያ ይሰማል። በሕይወት ያለ እንስሳ ግን የለም፣ እሱ ከኋላ ባለው የእንስሳት ማቆያ ነው። ዳይኖሰሮች አሉ። አዎ፣ በኖኅ መርከብ ውስጥ፣ በቀፎ። ልጆች እዚህ ጋ ይጮኻሉ፣ ወላጅ ደግሞ ጥያቄ ይበዛበታል።

አሁን ወደ ክርክሩ። ቦታውን የሠራው አንሰርስ ኢን ጀነሲስ የሚባለው በአውስትራሊያዊው ኬን ሃም የሚመራው ድርጅት ነው። የሚሉት ግልጽ ነው፦ የጥፋት ውኃ መላውን ምድር የሸፈነው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2348 ነው፣ ቃል በቃል ካላመንክ ደግሞ ቀሪው መጽሐፍ ቅዱስም ከእጅህ ይወጣል። ይሄ ሁለተኛው ነው እኔን የከነከነኝ። ምክንያቱም መርከቡን ዞራችሁ ስትጨርሱ የምታዩት ራሳቸውም ፊደሉ ላይ ብቻ መቆም እንዳልቻሉ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ምግብ ቤቱ የእምዛራ ነው የሚባለው፣ የኖኅ ሚስት ማለታቸው ነው። ዘፍጥረትን ከዳር እስከ ዳር ብታነቡ የኖኅን ሚስት ስም አታገኙም። እምዛራ የምትባለው የት ነው? በእኛው መጽሐፈ ኩፋሌ! ሙሉው መጽሐፍ ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው፣ በዕብራይስጥ የተገኘው ሙት ባሕር አጠገብ ባሉት በቁምራን ዋሻዎች ውስጥ ያለ ቁርጥራጭ ነው። እነሱ ኩፋሌን ቅዱስ መጽሐፍ ብለው አይቀበሉም። ግን ስሟን ወስደው ቡፌ ላይ ለጥፈዋል። ኩፋሌ ለልጆቹ ሚስቶችም ስም አለው፣ እነዚያን ትተው ራሳቸው አዲስ ስም አወጡላቸው። ላለማማት፦ ይህንን አይደብቁም፣ ግድግዳው ላይ የትኛው ከመጽሐፍ እንደሆነ፣ የትኛው የአርቲስቱ ፈጠራ እንደሆነ ጽፈዋል። አከብራቸዋለሁ። ግን ታዲያ ፈጠራው ሲቆጠር ከጥቅሱ በለጠ። የውኃ ማጠራቀሚያው፣ የእበት ማውጫው፣ የኖኅ ሳሎን ሳይቀር።

እንስሳቱም እንደዚያው። ሁሉንም ዝርያ ማስገባት እንደማይቻል ስለገባቸው ‹‹ወገን›› ብቻ ነው የገባው ይላሉ፣ ወደ 1,400 ወገን፣ ከ7,000 ያነሰ እንስሳ። ከዚያ ከአንድ ጥንድ የውሻ ወገን ተኩላው፣ ቀበሮው፣ የቤት ውሻው ሁሉ በ4,300 ዓመት ገደማ ውስጥ ወጣ ማለት ነው። የኛው የባሌና የሰሜን ተራራ ቀይ ቀበሮም ከአራራት ተነሥቶ፣ በረሃ አቋርጦ፣ ሌላ የትም ዘሩን ሳይጥል፣ ደጋ ላይ ደርሶ ቀይ ቀበሮ ሆነ። ዝግመተ ለውጥን የሚቃወም ሰው ከዳርዊን የፈጠነ ዝግመተ ለውጥ ሲያስተምር ማየት በጣም ያስቃል። ተራሮቹስ? ዘፍጥረት 7 ውኃው ተራሮችን በ15 ክንድ አለፈ ይላል። ራስ ዳሸን ብቻ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ ያን ያህል ውኃ ከየት መጣ ስትሉ ‹‹ከጥፋት ውኃ በፊት ተራሮቹ አጫጭር ነበሩ›› የሚል መልስ ታገኛላችሁ። የት ተጻፈ? አልተጻፈም።

ቀኑም ቢሆን። 2348 የመጣው ከአዳም እስከ ጥፋት ውኃ 1,656 ዓመት ከሚያስቆጥረው የዕብራይስጥ ጽሑፍ ነው። የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም (የጥንቱ የግሪክኛ ትርጉም) ግን አባቶች ልጅ የወለዱበትን ዕድሜ ከፍ ያደርጋል፣ አዳም ሴት የተባለውን ወንድ ልጁን ሲወልድ በዕብራይስጡ 130፣ በሰብዓ ሊቃናት 230 ዓመቱ ነው። በባሕረ ሐሳባችን ከአዳም እስከ ጥፋት ውኃ 2,256 ዓመት ነው፣ ከአዳም እስከ ክርስቶስ ከሚቆጠረው 5,500 ዓመት ላይ ቀንሱት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 3,244 ይመጣል። ከኬንታኪው ወደ 900 ዓመት ይለያል። ሁለታችንም ቃል በቃል አንብበን!

አባቶቻችን የጥፋት ውኃን ተረት ነው አላሉም፣ ይህንን ማድበስበስ አልፈልግም። እነ ቅዱስ አውግስጢኖስም ሆኗል ብለው ነው የጻፉት። ግን አውግስጢኖስ ራሱ የመርከቡ ርዝመት የወርዱ ስድስት እጥፍ፣ የከፍታው አሥር እጥፍ መሆኑን አይቶ ይህ የሰው አካል ልክ ነው፣ የክርስቶስ አካል ምሳሌ ነው ይላል። የኛ የአንድምታ መምህርም አንዱን ትርጉም ተናግሮ አይጨርስም፣ ‹‹አንድም›› ብሎ ይቀጥላል፦ መርከቡ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድም እመቤታችን። ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ 3፥20-21 ውኃውን ጥምቀት አድርጎታል። ማንም ከእነሱ መካከል የጭነት ልኬቱ ካልወጣ ሃይማኖትህ ፈረሰ አላለም።

ቀልዱ እዚህ ጋ ነው። በዚያ ሁሉ ፎቅ ውስጥ ሰው ተሰልፎ ፎቶ የሚነሣበት ቦታ ትልቁ በር ነው። በሩ ላይ በብርሃን መስቀል ይታያል፣ ጎኑ ላይ ደግሞ በሩ ክርስቶስ ነው የሚል ማብራሪያ አለ። እነሱም አንድም አሉ ማለት ነው! ከሁሉም ያማረችውም ይህቺ ክፍል ናት፣ አንዲት አሮጊት እንባቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ፣ የዳይኖሰሩ ቀፎ ጋ ግን ማንም አያለቅስም።

ድንጋይ ለሚወድ ደግሞ አንድ ነገር። ወደዚያ ስትነዱ መንገዱ ሲሠራ የተቆረጠውን ኮረብታ አስተውሉ (ሾፌሩ አይደለም፣ ጎን የተቀመጠው)። የኖራ ድንጋይና የሸክላ ድንጋይ እየተፈራረቀ እንደ መሶብ እንጀራ ተደራርቧል። በዚያ አካባቢ ያለው ድንጋይ ጂኦሎጂስቶች 450 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሚሰጡት የጥንት ባሕር ወለል ነው፣ በባሕር እንስሳት ቅርፊት የተሞላ። አንዱን ቅርፊት ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ላዩ ላይ ሌሎች ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ተለጥፈው፣ ሰፈር ሠርተው፣ አድገው ታገኟቸዋላችሁ። ያ እንዲሆን ቅርፊቱ ረጋ ያለ ወለል ላይ ተኝቶ መቆየት አለበት፣ ከዚያ ይቀበራል፣ ከላዩ ሌላ ወለል ይመጣል፣ እዚያም ሌሎች ያድጋሉ። ተራራ በሚንድ የአንድ ዓመት ጎርፍ ውስጥ ይህንን ሁሉ የት ታስገቡታላችሁ? ለዚህ መርከቡ ውስጥ አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም፣ ፈልጌ ነበር።

ጎርፍ ካልን አይቀር፣ በ2019 ድርጅቱ የመግቢያ መንገዱን ዝናብ አበላሽቶብኛል ብሎ ኢንሹራንሶቹን በ1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከሶ ነበር። መርከቡ ምንም አልሆነም። ጋዜጠኞች እንዴት እንደተጫወቱበት መገመት አያቅትም።

ጠቃሚ ነገሮች፦ ጠዋት በር ሲከፈት ድረሱ፣ ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ይጨናነቃል። ጫማ የሚመች ይሁን። ጾም ከሆነ ቡፌው ላይ ጠይቁ፣ በኬንታኪ ፎሶሊያ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ሥጋ ጋር ነው የሚቀቀለው፣ እኛ ሽሮ ወጥ በፍላስክ ይዘን ነበር፣ መኪና ማቆሚያው ጋ በላን። ከልጆቻችሁ ጋር ዘፍጥረት 6-9ን ቤት አንብባችሁ ሂዱ፣ የቱ ከመጽሐፉ፣ የቱ ከአናጢው እንደሆነ ራሳቸው መለየት ያስደስታቸዋል፣ የኔዎቹ ውድድር አድርገውታል። ለዚሁ ድርጅት ሙዚየም ጭምር የሚያገለግል ጥምር ቲኬትም ይሸጣሉ። እዚያ ድንቅነሽን በአራት እግሯ አስኪደው ያሳዩዋችኋል። የአዲስ አበባውን ብሔራዊ ሙዚየም ያየ ሰው ያንን ገንዘብ ለነዳጅ ቢያውለው ይሻላል።