ከወንዝ መልቀም ወይስ ዘንቢል መያዝ?

አቃቂ ወንዝ ዳር ጓንት አጥልቀው ፕላስቲክ የሚለቅሙ በጎ ፈቃደኞችን ማየት ደስ ይላል። ጠርሙሱን ቆራሌው ስለሚገዛው ድካማቸው ሳንቲምም ያወጣል። ፌስታሉ ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ በጭቃ ተለውሶ ቁጥቋጦ ሥር ይጠላለፋል፣ ሲስቡት ይበጣጠሳል፣ ቁርጥራጩን ውኃው ይዞት ይነጉዳል።

ወዴት? አቃቂ በአባ ሳሙኤል ግድብ አልፎ አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ወንዙ የወሰደው ፌስታል ውቅያኖስ አይገባም፤ አዋሽ ላይ ያለውን የቆቃ ሐይቅ ጨምሮ እዚሁ አገራችን ውኃ ውስጥ ይከማቻል።

ሽንኩርቱን በዘንቢል ሸምቶ የሚመለስ ሰው ይህን ሁሉ ጣጣ ከምንጩ ያስቀራል። ፌስታልን የሚከለክል አዋጅም በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። እኔ ለዘንቢሉ አደላለሁ። ለቀማው ይቅር አልልም፤ ብቻ ከክረምቱ በፊት፣ ጎርፉ ሳይቀድም ይሁን።