ድቡን አስደንግጦ ማባረር ወይስ ሩቅ ጫካ ወስዶ መጣል?

ሲያትል ዙሪያ፣ ጫካ ጥግ ለሚኖር ሰው ጥቁር ድብ የቆሻሻ ገንዳ ሲገለብጥ ማየት ብርቅ አይደለም። ታዲያ የቱ ይሻላል?

ማባረር፦ ድቡ በወጥመድ ይያዝና እዚያው አካባቢ ይለቀቃል። ሲወጣ የጎማ ጥይት ይቀምሳል፣ የካሬሊያ ድብ ውሾች (ድብ የሚያሳድድ የውሻ ዝርያ) እየጮሁ ያሳድዱታል። የዋሽንግተን ግዛት የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በዚህ ዘዴ ሠርቷል። ውሾቹን ማሠልጠንና መቀለብ ግን ወጪ አለው። ትምህርቱም ቶሎ ይረሳል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የኔቫዳ ጥናት ከተከታተላቸው 62 ድቦች 57ቱ ወደ ከተማ ተመልሰዋል። ምን ያድርጉ፣ ሆድ አይደል!

ሩቅ መውሰድ፦ ለሰፈሩ እፎይታ ነው፣ ለጊዜው። ድብ መንገድ አይጠፋውም፤ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ አቆራርጦ የሚመለስ አለ። ያልተመለሰውም አመሉን ይዞ ሌላ ሰፈር ሊያስቸግር ይችላል።

ቆሻሻ መልመድ ገና ለጀመረ ድብ፣ ጎረቤቱም ገንዳውን የሚቆልፍ ከሆነ፣ እኔ ማባረሩን እመርጣለሁ። ገንዳው ክፍት ካደረ ሁለቱም ከንቱ ድካም ነው። መንገድ ስቶ መሀል ከተማ ገብቶ መውጫ ላጣ ድብ ግን ጭኖ መውሰድ ይሻላል።